አሥራ ዘጠኙን ልጆች ወዴት እንስደዳቸው?

ከነዋሪዎች ማኅበራችን የወጣቶች ስፖርት ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በር አጠገብ፣ አንድ ጽሑፍ ተለጥፎ እንዳነበባችሁ እናውቃለን። ያላነበበ ቢኖርም ወሬው ደርሶታል። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው፦ የቅዳሜ ጧቱ የልጆች የቦሊንግ ሊግ ይቅር፤ አማካይ ውጤታቸው ከ150 በላይ የሆነው 5 ልጆች ተመርጠው አንድ የውድድር ቡድን ይቋቋም፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ ለ24 ልጆች ሲያወጣ የቆየው ድጎማ በሙሉ ለእነዚሁ ለ5ቱ ለመንገድ፣ ለሆቴልና ለመመዝገቢያ ይዋል፤ የቀሩት «ሲደርሱ ይታያል»።

እኛ ይህንን ሐሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመው ጸሐፊዎቹን ጠልተን አይደለም። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ለቅሶ ላይ አብረን የተቀመጥን፣ በበረዶው ጊዜ መኪና አብረን የገፋን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ዝም ብንል ዝምታችን እንደ ስምምነት ይቆጠርብናል። ስለዚህ ያለንን እንናገራለን፤ ፍርዱን ለጠቅላላ ስብሰባው እንተዋለን።

ከ24 ላይ 5 ሲቀነስ 19 ነው። ክርክሩ ሁሉ ያለው በዚህች ቁጥር ውስጥ ነው። ኧረ ለመሆኑ 19ኙን ልጆች ቅዳሜ ጧት ወዴት እንስደዳቸው? ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ መልስ የለውም።

ሊጉ ምን እንደሆነ እንነጋገር

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ከወላጆች መካከል ብዙዎቻችን ልጆቹን በር ላይ አውርደን ወደ ሥራ የምንሮጥ ነን፤ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አናውቅም። «ኳስ ይወረውራሉ፣ ፒን ይወድቃል፣ ድንች ጥብስ ይበላሉ» ነው የምንለው። ይህ ከሆነማ እኛም ሊጉ ይቅር እንል ነበር።

ሊግ ማለት ግን እንዲህ አይደለም። 24ቱ ልጆች በ6 ቡድን፣ በየቡድኑ 4 ሆነው ተከፍለዋል። በየሳምንቱ አንዱ ቡድን ከሌላው ይጋጠማል፤ ውጤቱ ይመዘገባል፤ የእያንዳንዱ ልጅ አማካይ ውጤት ይሰላል። ጨዋታው ሲጀመር 8 ዓመት የሆነውና 16 ዓመት የሆነው፣ ጎበዙና ጀማሪው እኩል ሆነው ይቀርባሉ። ይህ እንዴት ይሆናል ብትሉ ሃንዲካፕ በሚባለው ሥርዓት ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እናስረዳ። በእኛ ሊግ መነሻው 200 ነው፤ ልጁ ከ200 የሚያንስበት ተቆጥሮ 90 በመቶው ይጨመርለታል። አማካይ ውጤቱ 100 የሆነ ልጅ 90 ነጥብ ያገኛል። አማካዩ 180 የሆነው ደግሞ 18 ብቻ ያገኛል። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ከተጫወቱ አንዱ 190፣ ሌላው 198 ይሆናል፤ ጎበዙ ያሸንፋል። ነገር ግን ያ ደካማው ልጅ በሳምንቱ ተለማምዶ ከአማካዩ በ10 ብቻ ከፍ ቢልና 110 ቢጥል ድምሩ 200 ይሆናል። ጎበዙን አሸነፈው ማለት ነው! ሽልማቱ የሚሰጠው ትናንት ከነበረበት ዛሬ ለተሻለ ልጅ ነው።

ይህንን ሥርዓት እኛ አበሾች ልንረዳው አይገባም ነበር? ዕድራችን ድንኳን የሚተክለው ለሀብታም ሟች ብቻ ነው እንዴ? ዕቁባችንስ ዕጣ የሚያወጣው ደመወዙ ከፍ ላለው ነው? አይደለም። ከአገራችን ይዘነው የመጣነውን ልማድ ፈረንጁ በቁጥር አስልቶ በቦሊንግ ቤት ውስጥ ሲሠራበት አገኘነው። አሁን ደግሞ ይቅርብን እያልን ነው።

የስኮላርሺፑን ነገር በተመለከተ

የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ ስኮላርሺፕ ነው። «ልጆቻችን በቦሊንግ ኮሌጅ ሊገቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጎበዞቹ ላይ እናተኩር» ይላል። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር እውነት ነው፤ አንክድም። በአሜሪካ የወጣቶች ውድድር ልጆች የሚያሸንፉት የትምህርት ገንዘብ ስማርት በሚባለው ፕሮግራም በየስማቸው ተይዞ ኮሌጅ ሲገቡ ይከፈልላቸዋል። የሴቶች ቦሊንግ ከ2004 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ ሻምፒዮና ያለው ስፖርት ሆኗል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በማንኛውም ስፖርት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮናነት ያገኘው በ2007 በሴቶች ቦሊንግ ነው።

ከዚያ የሚቀርበንም አለ። እዚሁ እኛ ያለንበት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የሜሪላንድ ኢስተርን ሾር ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁሮች እንዲማሩበት የተመሠረተ ትምህርት ቤት፣ በ2008 የሴቶች ቦሊንግ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ከጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች በሴቶች ስፖርት እንዲህ ያለውን ዋንጫ ሲያነሣ የመጀመሪያው ነበር። በ2011 እና በ2012ም ደገመው። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህንን ልብ በሉ። የኛም ልጆች እዚያ ሊደርሱ ይችላሉ።

ነገር ግን እነዚያ ሻምፒዮን ልጃገረዶች ከሰማይ አልወረዱም። በአንድ ወቅት እነሱም 8 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ኳሳቸው ቦይ ውስጥ እየገባ ያለቅሱ ነበር። ከ150 በላይ ሆኖ የተወለደ ሰው የለም። ከዛሬዎቹ 5 ጎበዞቻችን መካከል አንደኛው ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ሲመጣ 46 ነበር የሚጥለው። ያኔ «ከ150 በታች የሆነ ይውጣ» የሚል ሕግ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስሙን ማን ያነሣው ነበር? ከ19ኙ መካከል የሦስት ዓመት በኋላዋ ጎበዝ የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ ካለ ይንገረን። እኛ አናውቅም። ስለማናውቅም ነው ሁሉንም የምናሠለጥነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች እንቁላሉን መስበር ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሃንዲካፕ ባለባቸው ውድድሮች ልጁ ሲመዘገብ አማካይ ውጤቱ ይጠየቃል። ያ አማካይ ከየት ይመጣል? ከሊግ! ሊጉን ዘግቶ ወደ ውድድር መሄድ እርሻውን ሸጦ ወፍጮ እንደ መግዛት ነው።

ልምምድ ምን ማለት ነው?

«ሊጉ ጨዋታ ነው፤ ልምምድ የሚገኘው ከውድድር ነው» የሚሉም አሉ። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ነው። ውድድር የተማሩትን ይፈትናል እንጂ አያስተምርም። ፈተና ብቻ የሚሰጥ፣ አስተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት ልጁን ይልካል?

ቅዳሜ ጧት የሚሠራውን እንዘርዝር። ጀማሪ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ኳስ መምረጥን ነው። ኳስ ከ6 እስከ 16 ፓውንድ ይመዝናል፤ ለልጅ የተለመደው መነሻ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የአባቱን ኳስ አንሥቶ ጀግና ነኝ የሚል ልጅ የእጅ አንጓውን ይጎዳል። ቀጥሎ መንደርደሪያውን ይማራል፤ አራት እርምጃ፣ ክንድ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዘንግ ሳይቆለመም ሲወዛወዝ፣ መጨረሻ ላይ መንሸራተት፣ መስመሩን አለመርገጥ። ከመስመሩ እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት ልጅ ፒኑን እያየ ቢወረውር ይስታል። ስለዚህ ቀረብ ብለው ወለሉ ላይ የተሣሉትን 7 ቀስቶች እንዲያይ እናስተምረዋለን። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ዓይኑን የት ማሳረፍ እንዳለበት ያወቀ ልጅ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው።

ከሁሉም በላይ ግን ስፔር እናስተምራለን፤ ማለትም በመጀመሪያው ኳስ የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ጠርጎ መጣልን። ልጆች የሚወዱት ስትራይክ ነው፤ ዐሥሩም በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ። እኛም እንጮኻለን፤ ምን ይደረግ! ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ልጅ አንድም ስትራይክ ሳይመታ፣ በየፍሬሙ በመጀመሪያ ኳስ 9፣ በሁለተኛው የቀረችውን አንዷን ቢጥል፣ ለመጨረሻው ፍሬም በምትሰጠውም ኳስ 9 ቢጥል፣ ውጤቱ 190 ይሆናል። ያ ጽሑፍ ለምርጦች ካስቀመጠው 150 በ40 ይበልጣል። ይህ የሚገኘው ያበላሹትን ከማስተካከል ብቻ ነው። ልጆቻችን ከቦሊንግ ሌላ ምንም ባይማሩ ይህንን ቢማሩ አይበቃም?

ውድድር ለብቻው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ባለፈው ዓመት 4 ልጆች ይዘን ሦስት ሰዓት ነድተን አንድ ውድድር ሄድን። የወለሉ ዘይት ሌላ ነበር። በተራ የቦሊንግ ቤት ዘይቱ መካከሉ ላይ ወፍሮ ዳር ዳሩ ላይ ስለሚሳሳ ትንሽ የሳተች ኳስ ተመልሳ ትገባለች፤ እዚያ ግን ይቅርታ የለም። ሃንዲካፕም አልነበረም። ከ4ቱ አንዱ በ3ኛው ጨዋታ ላይ ኳሱን አስቀምጦ መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከተመለስን በኋላ ቦሊንግ አልጫወትም አለ። ማን መለሰው? የአሠልጣኝ ምክር አይደለም። ቅዳሜ ጧት የቡድኑ ልጆች፣ እነዚያ «ያልደረሱት»፣ በሩን አንኳኩተው «ሦስት ሆነን እንዴት እንጫወት?» ብለው ይዘውት መጡ። ዛሬ ከ5ቱ አንዱ ነው።

«የሥራ ፈት ጨዋታ» ለሚሉን

አንዳንድ ታላላቆቻችን ደግሞ ከሁለቱም ወገን አይደሉም። «ቦሊንግ ምን ጨዋታ ነው? የሥራ ፈት ነገር! ልጆቹ ቅዳሜ ሒሳብ ይማሩ» ይላሉ። አባቶቻችንን እናከብራለን፤ ሒሳቡንም እንደግፋለን፤ ከላይ የጻፍነው ሃንዲካፕ ራሱ የመቶኛ ትምህርት ነው። ግን ያ አዳራሽ ለጥቁር ልጅ እንዲሁ ክፍት ሆኖ የቆየ እንዳይመስላችሁ።

በ1895 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቋቋመው የአሜሪካ ቦሊንግ ኮንግረስ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አባልነትን ለነጭ ወንዶች ብቻ አድርጎ ነበር። ጥቁሮች በ1939 ዲትሮይት ላይ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። የሠራተኛ ማኅበራትና የመብት ድርጅቶች ታግለው፣ ከሰው፣ ያ የዘር አንቀጽ የተሰረዘው በ1950 ነው። ከተሰረዘም በኋላ በደቡቡ ክፍል ብዙ አዳራሽ በሩን አልከፈተም። በ1968 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ኦሬንጅበርግ በምትባል ከተማ የጥቁር ኮሌጅ ተማሪዎች «እኛም እንጫወት» ብለው ለነጮች ብቻ በሆነ ቦሊንግ ቤት ላይ ተቃውሞ አነሡ። ፌብሩዋሪ 8 ሌሊት የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ተኩስ ከፈተ። 3 ወጣቶች ሞቱ፤ ከ25 በላይ ቆሰሉ። ከሞቱት አንዱ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

እኛ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። በሩን ተከፍቶ አገኘነው። ያስከፈቱት ሰዎች ስማችንን አያውቁም፤ ለአማካይ ውጤታችንም አልጠየቁንም። እንግዲህ እነሱ በደም ያስከፈቱትን በር እኛ በራሳችን እጅ በራሳችን 19 ልጆች ላይ እንዝጋ?

ብቻን መጫወት

በዚህ አገር ሮበርት ፑትናም የሚባሉ ምሁር በ1995 አንድ ጽሑፍ፣ በ2000 ደግሞ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። ርእሱ ብቻን ቦሊንግ ስለ መጫወት ነው። ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ ከ1980 እስከ 1993 ባለው ጊዜ ቦሊንግ የሚጫወተው ሰው ቁጥር በ10 በመቶ ጨመረ፤ በሊግ ታቅፎ የሚጫወተው ግን በ40 በመቶ ቀነሰ። ሰው መጫወቱን አልተወም፤ ከጎረቤቱ ጋር መጫወቱን ተወ። ምሁሩ ይህንን የጠቀሱት ስለ ቦሊንግ ተጨንቀው አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት መለያየቱ አሳስቧቸው ነው።

እኛስ? በዚህ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ሊፍት ወጥተን እየወረድን ሰላምታ የማንለዋወጥ ስንቶቻችን ነን? አንዱ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ያድራል፣ አንዷ ሆስፒታል በፈረቃ ትሠራለች፤ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ነው። ቅዳሜ ጧት ግን ከ4ኛ ፎቅ ያሉት እማማ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩት፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ከሌን ኋላ ይቀመጣሉ። ዳቦ ቆርሰው ለ24ቱም ያድላሉ። ኳሷ ቦይ ስትገባ «አይዞሽ የኔ እናት» ይላሉ፤ ለማን ልጅ ብለው አይመርጡም። ልጆቹም አማርኛ የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። 5 ልጅ ይዞ ሆቴል የሚያድር ቡድን እማማን የት ያስቀምጣቸዋል?

የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ

ሰው ላይ ጣት ስንቀስር የራሳችንን መደበቅ የለብንም። ያ ጽሑፍ የተጻፈው እኛም ስለደከምን ነው። ልምምዱ ብዙ ቅዳሜ ያለ አሠልጣኝ አልፏል። ፈቃደኛ ወላጅ አጥተን ለሁለት ሰው ጥለነው ነበር። በዚህ አገር ደንብ ከወጣት ቦሊንግ ተጫዋቾች ጋር የሚሠራ ፈቃደኛ የኋላ ታሪኩ መጣራት፣ ስለ ልጆች ደኅንነትም የሚሰጠውን ትምህርት መጨረስ አለበት፤ ይህንን ጀምረን ሳንጨርስ የቀረን አለን። ደንቡ ልጆቻችንን የሚጠብቅ ስለሆነ አጭር መንገድ አንፈልግለትም።

ከመካከላችንም አንዳንዶቻችን ከልጆች ኋላ ቆመን እንደ ስታዲየም ጮኸናል። «እንዴት ይህቺን ትስቻለሽ!» ተብላ ያለቀሰች የ9 ዓመት ልጅ አለች። ያለው ሰው ከእኛ ነው፤ ይቅርታም ጠይቋል። የ5ቱ ልጆች ወላጆችም ቅሬታ አላቸው፤ «ልጆቻችን የሚገባቸውን ከፍ ያለ ሥልጠና አላገኙም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ይህ ግን ሊጉን የሚያስተካክል እንጂ ሊጉን የሚያዘጋ ምክንያት አይደለም። ጣሪያው አፈሰሰ ተብሎ ቤቱ አይፈርስም።

ስለዚህ የምንለው

የተቃወምነውን ተናግረን ብቻ አንቆምም። ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው ይህ ነው፤

1ኛ/ የቅዳሜው ሊግ 24ቱንም ልጆች ይዞ ይቀጥል። የማኅበሩ ድጎማ የሊጉ ነው፤ አይነካም።

2ኛ/ የውድድር ቡድኑ ይቋቋም፤ አንቃወምም። ወጪው ግን ለብቻው ይሰብሰብ፤ ከቡና ሽያጭ፣ ከበዓል ምግብ፣ ከፈቃደኞች መዋጮ። የኮሚቴያችን አባላት መጀመሪያ እንከፍላለን።

3ኛ/ ለቡድኑ ምርጫ አማካይ ውጤት ብቻ አይታይ። ቅዳሜ ሳይቀር የመጣ፣ ታናሹን ያስተማረ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ያሻሻለ ልጅም ይታይ። ወደ ውድድር የሚሄድ ልጅ ሊጉን አይተውም፤ ሲመለስ ያየውን ለሌሎቹ ያሳያል።

4ኛ/ በየቅዳሜው ሁለት ወላጅ ተረኛ ይሁን። 24 ልጅ ነው ያለን፤ ለአንድ ቤተሰብ በሦስት ወር አንዴ ብትደርሰው ነው። በሦስት ወር አንድ ቅዳሜ የለኝም የሚል ካለ ተነሥቶ ይናገር።

5ኛ/ ከመካከላችን ሁለት ሰው የአሠልጣኝነቱን የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ ይውሰድ፤ መጣራቱንና የደኅንነቱን ትምህርት የጀመርነውም እንጨርስ።

ያኛውን ጽሑፍ የጻፋችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ልጆቻችሁን ትወዳላችሁ፤ እኛም እንወዳቸዋለን። ዋንጫ ይዘው ሲመጡ በዚህ ሰሌዳ ላይ ፎቶአቸውን የምንለጥፈው እኛ ነን። ነገር ግን ዋንጫውን ይዘው ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ የሚያጨበጭብላቸው ማን ነው? እነዚያ 19ኙ አይደሉም?

ስብሰባው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በምድር ቤቱ አዳራሽ ነው። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። እጅ የምናወጣው ስለ እነሱ ነውና ዓይናቸውን እያየን እናውጣ። ቡና ይኖራል።